መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ በሰውነት ውስጥ የሚቀረው

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን የሚያስተናግዳቸው አራት ደብዳቤዎች የተላኩት ከተለያዩ ከተሞች ቢሆንም ጉዳያቸው አንድ ነው። ሁሉም የሚጠይቁት እንደ ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ሞርፊን፣ ኦክሲኮዶን፣ ሄሮይንና ፌንታኒል ያሉ፣ በጥቅሉ ኦፒዮይድ የሚባሉ የሕመም ማስታገሻዎችና አደንዛዥ ዕፆች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ በአንጎልና በአካል ላይ ስለሚያስከትሉት ለውጥ ነው። የጠያቂዎቹን ማንነት የሚጠቁመውን አውጥተን፣ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ልጄ 26 ዓመቱ ነው። የሞተር ሳይክል አደጋ ደርሶበት ለእግሩ ሕመም የታዘዘለትን ትራማዶል፣ ማዘዣው ካለቀ በኋላም ከየመድኃኒት ቤቱ እየገዛ ሁለት ዓመት ወሰደው። በመጨረሻ በቀን ስንት እንክብል እንደሚውጥ እሱም አይናገር፣ እኔም አላውቅ። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ወድቆ ተንፈራገጠ፤ የሚጥል በሽታ መስሎን ጸበል ወሰድነው። አሁን መድኃኒቱን ከተወ አራት ወር ሆኖታል፤ ነገር ግን የማውቀው ልጄ አልተመለሰልኝም። ሌሊት አይተኛም፣ ምግብ አይጥመውም፣ ጓደኞቹ ሲመጡ ይደበቃል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። አንጎሉ ተበላሽቶ ቀርቶ ይሆን? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ የልጅዎ አንጎል ተበላሽቶ አልቀረም። ሆኖም ገና ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ የሚያዩት ነገርም የጠባይ መበላሸት ሳይሆን በሁለት ዓመት ውስጥ የተሠራ አካላዊ ለውጥ ቀስ እያለ ሲፈታ የሚያሳየው ምልክት ነው።

ሰውነታችን ሕመምንና ጭንቀትን የሚያበርድባቸው የራሱ ኬሚካሎች አሉት። እነዚህ ኬሚካሎች የሚያርፉባቸው ተቀባዮች በነርቭ ሕዋሳት ላይ መኖራቸው በላቦራቶሪ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ ኤንከፋሊን የተባሉትን የሰውነት የራሱን ማስታገሻዎች ለይተው አወጡ። ኦፒዮይዶች የሚሠሩት እነዚሁን ተቀባዮች በመያዝ ነው። ልዩነቱ የሰውነት ኬሚካል በጥቂቱ ተለቆ ወዲያው የሚጠፋ፣ መድኃኒቱ ግን በብዛት ገብቶ ለሰዓታት የሚቆይ መሆኑ ነው።

ነርቮቹ ታዲያ ይህን ዝም ብለው አያስተናግዱም። ተቀባዮቹ ለመድኃኒቱ የሚሰጡት ምላሽ እየደከመ ይሄዳል፤ በሕዋሱ ውስጥ ደግሞ መድኃኒቱ ያዳፈነውን ሥራ መልሶ የሚቀሰቅሰው የኬሚካል መስመር ከወትሮው በላይ ይበረታል። ትናንት ያስታገሰው መጠን ዛሬ የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ትግል ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ሎከስ ሴሩሊየስ የሚባለው፣ በአንጎል ግንድ ውስጥ ሆኖ ኖርአድሬናሊን እያመነጨ ሰውነትን ንቁ የሚያደርግ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ ነው። በር ከውጭ ሲገፉ የነበሩ ሰዎች ድንገት ሲለቁት ከውስጥ በሙሉ ኃይሉ ሲገፋ የነበረው እንደሚንደረደር ሁሉ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ እነዚህ ሕዋሳት ከልክ በላይ ይነሣሣሉ። ላቡ፣ ማዛጋቱ፣ የሰውነት መውረሩ፣ የዓይን ብሌን መስፋቱ፣ ተቅማጡና ቁርጥማቱ የሚመጡት ከዚህ ነው። እንደ ሄሮይን ባሉ ቶሎ ከሰውነት በሚወጡ ዕፆች ላይ ይህ ሕመም በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ከፍ ብሎ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ገደማ ይበርዳል። ቤተሰብ «ተገላገለ» የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ በእኔ እምነት ብዙ ወጣቶችን መልሶ የሚጥላቸው ይኸው ችኩል ፍርድ ነው።

ምክንያቱም ሁለተኛው ለውጥ በ10 ቀን አይበርድም። ኦፒዮይድ በመካከለኛው አንጎል ዶፓሚን የተባለውን የደስታና የፍላጎት ኬሚካል የሚገቱትን ነርቮች ዝም ስለሚያሰኛቸው ዶፓሚን ከወትሮው በላይ ይለቀቃል። ይህ ለወራትና ለዓመታት ሲደጋገም የደስታና የፍላጎት መስመሩ ይደነዝዛል፤ በኦፒዮይድ ሱስ በተያዙ ሰዎች ላይ የተደረጉ የአንጎል ምስል ጥናቶችም ከዶፓሚን ተቀባዮች አንዱ ዓይነት ቀንሶ እንደሚገኝ አሳይተዋል። በዚያው ልክ የጭንቀትና የፍርሃት መስመሮች ይነቃሉ፤ ዳይኖርፊን የተባለው፣ ስሜትን የሚያጨልም የሰውነት ኬሚካል ይበረክታል። ምግብ የማይጥመው፣ የጓደኛ መምጣት የሚከብደው፣ በትንሽ ነገር የሚነድደው ሰው የሚፈጠረው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። እንቅልፉም፣ ስሜቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚሻሻሉት በሳምንታት ሳይሆን በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ነው። ለውጡ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጀምር ለማየት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት መጥቀስ ይቻላል። የወገብ ሕመም ያለባቸው 10 ሰዎች ለአንድ ወር ብቻ በየቀኑ ሞርፊን ወስደው፣ በአንጎላቸው ስሜትን በሚመሩ ክፍሎች ላይ የታየው የመጠን ለውጥ መድኃኒቱ ከቆመ በአማካይ ከአራት ወር ተኩል በላይ ካለፈ በኋላም አልጠፋም ነበር። በ10 ሰዎች ላይ የተገኘ ነገር ለሁሉም ይሠራል ባልልም፣ አራት ወር ለአንጎል አጭር ጊዜ መሆኑን ለማሳየት ግን ይበቃል።

ትራማዶል ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ። ከኦፒዮይድነቱ በተጨማሪ፣ ለድብርት እንደሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት የአንጎል ኬሚካሎች በነርቮች መካከል እንዲቆዩ ያደርጋል። ስለዚህ ሲቋረጥ የሁለት ዓይነት መድኃኒቶች ሕመም በአንድ ላይ ይመጣል፤ ብርቱ ድንጋጤ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ አንዳንዴም የሌለ ነገር ማየት ይታከልበታል። ከፍ ባለ መጠን ሲወሰድ ደግሞ መንፈራገጥን ያመጣል፤ ለአዋቂ ሰው ጣሪያው በቀን 400 ሚሊግራም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅዎ ወድቆ የተንፈራገጠው በመድኃኒቱ ምክንያት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ጸበል መውሰድዎን አልነቅፍም፤ እምነትዎ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ነገር ግን ያንን መውደቅና የትራማዶሉን ታሪክ የሚያክመው ሐኪም በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች መንፈራገጥ ላጋጠመው ሰው ስለማይሰጡ ምርጫው በዚህ ይወሰናል።

የመጨረሻውና ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያለው ለውጥ ትዝታ ነው። አንጎል መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን የተገዛበትን ሰፈር፣ አብሮ የወሰደውን ጓደኛ፣ የሚወሰድበትን ሰዓት አብሮ መዝግቦ ይይዛል፤ ከነዚህ አንዱ ብቅ ሲል ሰውየው ሳያስበው ሃራራው ይነሣበታል። የቬትናም ጦርነት ተመላሽ አሜሪካውያን ወታደሮችን ያጠናችው ሊ ሮቢንስ ያገኘችው ውጤት ይህን በሚገባ ያሳያል። ከወታደሮቹ 20 በመቶ ያህሉ እዚያ ሳሉ በሄሮይንና መሰል ዕፆች ሱስ ተይዘው ነበር፤ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ዳግም በሱሱ የተያዙት ግን ከነዚህ መካከል 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የቦታው መለወጥ ለዚህ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በአንጻሩ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለ33 ዓመታት ክትትል ከተደረገላቸው 581 የሄሮይን ሱሰኞች መካከል 284ቱ ሞተው ተገኝተዋል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ልጅዎ ለተወሰነ ጊዜ ከሰፈሩ ርቆ ዘመድ ጋር ቢቀመጥ እመክራለሁ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን በመሰለ ተቋም የአእምሮ ሐኪም ይየው። ስለ ሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ የዚያኑ ዕለት ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ የምኖረው በቨርጂኒያ ነው፤ 49 ዓመቴ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ወገቤን ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ጀምሮ ሐኪሜ ያዘዘልኝን ኦክሲኮዶን በየቀኑ እወስዳለሁ፤ ከታዘዘልኝ አንድ ፍሬ ጨምሬ አላውቅም። ሕመሙ ግን ከወገቤ አልፎ ወደ ትከሻዬና ወደ እግሬ ተዛምቷል። ሆዴ ይደርቃል። ለመጻፍ ቢያሳፍረኝም ከባለቤቴ ጋር እንደ ባልና ሚስት ከተገናኘን ዓመት አልፎናል። እሷም ስተኛ ትንፋሼ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ እንደሚቆይ ትነግረኛለች። እኔ ሱሰኛ ነኝ ማለት ነው? ነገ ባቆመውስ?

መልስ፦ ሱሰኛ ለማለት የሚያበቃ ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁም። ሱስ የሚባለው ሰው ሥራውንና ቤተሰቡን እያጣ፣ ጉዳቱንም እያየ መውሰዱን መቆጣጠር ሲያቅተው ነው። ሰውነትዎ ግን መድኃኒቱን ተላምዶ ያለ እሱ መዋል እንዳይችል ሆኗል፤ ይህ ደግሞ ይህን ያህል ዓመት በየቀኑ የወሰደ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ነው። የዘረዘሯቸው አራት ችግሮችም ከዚሁ ከአንድ ምንጭ ሊመጡ ይችላሉ።

ባፈሩበት ልጀምር፤ ሰው ከሐኪሙ የሚደብቀው ይህንኑ ስለሆነ። በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ የፆታ ሆርሞኖችን ለሚቆጣጠረው ለፒቱታሪ ዕጢ በየጊዜው ትእዛዝ ይልካል። ኦፒዮይድ ይህን ትእዛዝ ያዳክመዋል፤ በወንዱ ቴስቶስቴሮን ይወርዳል፣ በሴቷ የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል። ፍላጎት መጥፋት፣ የጡንቻ መድከም፣ ዘወትር መዛል ይከተላል። ለዓመታት ሲቀጥልም አጥንት ይሳሳል፤ መድኃኒቱ በሚያመጣው ድብታ መውደቅ ሲጨመርበት ስብራት ይበዛል። በጠዋት በሚወሰድ ቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል፣ ሊታከምም ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቀነስ ሆርሞኑ በብዙዎች ላይ ይመለሳል። ይህን ለሚያነቡ እህቶች አንድ ነገር ልጨምር፦ በኦፒዮይድ ምክንያት የወር አበባ መቅረቱ እርግዝና አይመጣም ማለት አይደለም።

የሆድ ድርቀቱ ምክንያት አንጀት ራሱ በነዚሁ ተቀባዮች የተሞላ መሆኑ ነው። አንጎል የመድኃኒቱን የማደንዘዝ ኃይል ሲላመድ አንጀት ግን ለዓመታትም አይላመድም፤ ስለዚህ ችግሩ በራሱ ይሻሻላል ብለው አይጠብቁ። ብዙዎች እንደሚያደርጉት ፋይበር ብቻ መጨመር በቆመ አንጀት ላይ ጭነት መጨመር ስለሚሆን ሊያባብሰው ይችላል። አንጀትን የሚያነቃቁ ማስቀመጫዎች የተሻሉ ናቸው፤ እነሱ ካልረዱ ደግሞ ወደ አንጎል ሳይገቡ በአንጀት ላይ ብቻ ኦፒዮይዱን የሚያግዱ እንደ ናሎክሴጎል ያሉ መድኃኒቶች አሉና ሐኪምዎን ይጠይቁ።

የሕመሙ መዛመት ነው ብዙ ሰው የማያምነው። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ኦፒዮይድ የሕመም መስመሮችን ራሳቸውን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ያኔ ቀድሞ ያላመመ ቦታ ያማል፣ መድኃኒቱ ሲጨመር ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ይብሳል። ሐኪምዎ መጠኑን ለመጨመር ካሰበ ከዚያ በፊት ይህን ጥያቄ እንዲያነሡ እመክራለሁ። ይሁን እንጂ ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ከነርቭ መጨቆንም ሊሆን ስለሚችል በምርመራ መለየት አለበት፤ እግር ከደከመ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረ ደግሞ ጉዳዩ የድንገተኛ ክፍል ነው።

ከሁሉም የሚያስቸኩለኝ ባለቤትዎ ያዩት ነው። የትንፋሽን ምት የሚመሩት በአንጎል ግንድ ውስጥ ያሉ ነርቮች የኦፒዮይድ ተቀባዮች አሏቸው፤ በእንቅልፍ ላይ ትእዛዝ መስጠታቸውን ለሰከንዶች ያቆማሉ። በየሌሊቱ የሚደጋገም የኦክስጅን እጥረት ለልብም ለአንጎልም አይበጅም። የእንቅልፍ ምርመራ ይጠይቁ፤ እስከዚያው የእንቅልፍና የጭንቀት እንክብል ወይም መጠጥ በጭራሽ አይደርቡ።

ነገ ግን አያቁሙት። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 ያስጠነቀቀው በድንገት ማቋረጥ ብርቱ ስቃይንና ራስን ማጥፋትን ሊያስከትል እንደሚችል ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ለወሰደ ሰው በወር 10 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ መቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፤ ሲከብድም ለጥቂት ሳምንታት ባሉበት መጠን መቆየት እንደ ሽንፈት አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የምሠራ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። አንድ ዓይነት ትራማዶል በአንድ ዓይነት መጠን ወስደው አንዱ «ምንም አልሠራልኝም» ሲል ሌላው ራሱን እስኪስት ይደነዝዛል። የመድኃኒቱ ጥራት ነው ወይስ የሰዎቹ ሰውነት?

መልስ፦ የጥራት ጉዳይ ሊኖር ይችላል፤ ለእኛ አገር ግን የሰውነት ጉዳይ ልዩ ክብደት አለው። ትራማዶል ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለው ኢንዛይም ወደ ሌላ ውህድ ሲለወጥ ነው፤ ይህ ውህድ በኦፒዮይድ ተቀባዮች ላይ ከራሱ ከትራማዶል ብዙ እጥፍ ይበረታል። ኮዴይንም በዚሁ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለወጣል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና የስዊድን ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረ መል ከተለመደው በላይ የተባዛላቸው ሆነው ተገኙ። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ነገር ነው። ዘረ መሉ የተባዛለት ሰው እንክብሉን ቶሎ ወደ ኃይለኛው ውህድ ስለሚለውጠው የተለመደው መጠን ሊያደነዝዘው፣ ትንፋሹንም ሊያዳክምበት ይችላል። ኢንዛይሙ የሌለው ደግሞ ማስታገሻ አላገኘምና ሌላ እንክብል ይጨምራል፤ ያልተለወጠው ትራማዶል ተጠራቅሞም ወደ መንፈራገጥ ሊወስደው ይችላል።

እርስዎ በመስኮቱ ላይ ሆነው የሰውን ዘረ መል ማየት አይችሉም። ማዘዣ የሌለውን መመለስ፣ በዝቅተኛ መጠን እንዲጀመር መምከር ግን በእጅዎ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለቱም መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመም እንዳይሰጡ ከልክሏል፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው አስጠንቅቋል። የእኛን ዘረ መል ስናስብ ይህ ምክር ከዚያ ይልቅ ለዚህ አገር የተጻፈ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ከሲያትል ነው የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ በፌንታኒል ሱስ ብዙ ተሰቃይቶ፣ በመጨረሻ ታስሮ አሥር ወር ሳይነካው ቆየ። በሚቀጥለው ሳምንት ይፈታል። ሐኪሙ ቡፕረኖርፊን ወይም ሜታዶን ይጀምር ብሏል፤ አባታችን ግን «ከተወ በኋላ ሱስን በሱስ መለወጥ ምን ይባላል? ሰውነቱ ጠርቶ የለም ወይ?» ይላሉ። ለእሳቸው ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህታችን፣ ሰውነቱ መጥራቱ እውነት ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። በአሥር ወር ውስጥ የተቀባዮቹ መላመድ ጠፍቷል፤ የትንፋሽ ነርቮቹ ምንም ወስዶ እንደማያውቅ ሰው ናቸው። ስለ ትዝታ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ የጻፍኩት ግን አልጠፋም፤ የቀድሞ ሰፈሩን ሲያይ ሃራራው በቀድሞው ልክ ይመጣል፣ እጁም የሚዘረጋው ወደ ቀድሞው መጠን ነው። ፌንታኒል ከሄሮይን 50 ጊዜ ያህል የሚበረታ ዕፅ ነውና ቀድሞ የተሸከመው መጠን አሁን ይገድለዋል። እናንተው በምትኖሩበት በዋሽንግተን ግዛት ከእስር ቤት በወጡ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ የመሞት አደጋቸው ከሌላው ነዋሪ 129 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል።

ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ራሳቸው ኦፒዮይዶች ናቸው፤ ለአባታችሁ ልዩነቱን እንዲህ ብታስረዷቸው ይሻላል። ፌንታኒል በደቂቃዎች ወጥቶ በሰዓታት ስለሚወርድ ሰውየው ቀኑን ሙሉ በደስታና በስቃይ መካከል ይወጣል ይወርዳል፤ አንጎሉም እየተቃወሰ ይኖራል። ሜታዶን ቀስ ብሎ ገብቶ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆይ መጠኑ ሲስተካከል ደስታም ስቃይም አይኖርም፤ ሰውየው ይሠራል፣ ይተኛል፣ ሆርሞኖቹና የጭንቀት መስመሩ ይረጋጋሉ። ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር ይህን ሕክምና በኒው ዮርክ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ የሙከራ ነገር አይደለም። ቡፕረኖርፊን ደግሞ ተቀባዩን አጥብቆ ይዞ በከፊል ብቻ ስለሚያነቃው፣ ትንፋሽን የማዳከም ኃይሉ ከተወሰነ መጠን በላይ አይጨምርም፤ ሌላ ኦፒዮይድ ቢወሰድም ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል። ሁለቱም የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የገቡ ሲሆን፣ በሕክምናው ላይ የቆዩ ሰዎች የመሞት አደጋ ወደ ግማሽ ይወርዳል። አሥር ወር ካልነካው በዝቅተኛ መጠን መጀመር ስላለበት መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው። የሚቻል ከሆነም ከመፈታቱ በፊት እዚያው ሳለ እንዲጀመርለት ጠይቂ።

ቤት ውስጥ ናሎክሶን የተባለውን፣ ኦፒዮይዱን ከተቀባዮቹ አስለቅቆ ትንፋሽን የሚመልስ መድኃኒት ያዙ። በአፍንጫ የሚረጨው ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአሜሪካ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ወንድምሽ ሲቀሰቀስ የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም የሚያንኮራፋ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ ነጥብ የጠበበ ሆኖ ከተገኘ ወዲያው አንድ ጊዜ በአፍንጫው ርጩለት፣ 911 ደውሉ፤ ካልተነፈሰ ትንፋሽ ስጡት፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በኋላም ካልነቃ ሁለተኛውን ርጩ። ሲነቃ ሊቆጣና ልሂድ ሊል ይችላል። የናሎክሶን ኃይል ግን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ የሚቆይ በመሆኑና ዕፁ ከዚያ በኋላም በሰውነቱ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ አምቡላንሱ እስኪደርስ ድረስ በጎኑ አስተኝታችሁ ከአጠገቡ አትለዩ።